የጎደለው ሰባት በመቶ

ክሌመንስ ዊንክለር የገዛ ሚዛኑን ማመን አቃተው።

በጀርመን፣ በሳክሶኒ፣ በፍራይበርግ የማዕድን አካዳሚ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነው። ዕድሜውን የፈጀው ድንጋይ ፈጭቶ፣ በአሲድ አሟሙቶ፣ በውስጡ ምን ምን እንዳለና እያንዳንዱ ስንት በመቶ እንደሆነ በመለካት ነው። የዚህ ሥራ መጨረሻው አንድ ነው፤ የተገኘው ሁሉ ሲደመር 100 መሙላት አለበት። በ1885 እጁ የገባው ድንጋይ ግን አልሞላ አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድንጋዩ የወጣው ከፍራይበርግ አጠገብ ካለ የብር ማዕድን ጉድጓድ ነው። የአገሩ ሰው ጉድጓዱን ሂመልስፉርስት ይለዋል፤ የሰማይ ልዑል ማለት ነው። የአካዳሚው የማዕድናት ሊቅ አልቢን ቫይስባህ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ዓይነት መሆኑን አየና፣ ብር ስላለበት አርጊሮዳይት የሚል የግሪክ ስም አወጣለት። በውስጡ ያለውን እንዲመረምር ደግሞ ለዊንክለር ሰጠው።

ብር ከ74 በመቶ በላይ። ድኝ 17 በመቶ። ብረት፣ ዚንክና ሜርኩሪ ጥቂት ጥቂት። ሲደመር 93። ዊንክለር እንደገና ፈጨ፣ እንደገና አሟሟ፣ እንደገና መዘነ። አሁንም 93። ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ ከመቶ ብር ሰባት ብር የጎደለበት ባለሱቅ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የራሱን ቆጠራ ነው፤ ዊንክለርም እንዲሁ አደረገ። ግማሽ በመቶ ቢጎድል ማጣሪያው ላይ ቀርቷል ወይም ከብርጭቆው ጋር ታጥቦ ሄዷል ተብሎ ይታለፋል። ሰባት በመቶ ግን ታጥቦ አይሄድም። በዚያ ድንጋይ ውስጥ፣ ከብሩና ከድኙ ጋር፣ እሱ የሚያውቀውን መፈተሻ ሁሉ እያመለጠ የሚያልፍ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ያ ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን፣ ቀለሙ ምን እንደሚመስል፣ ከክሎሪን ጋር ሲዋሐድ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ከ14 ዓመት በፊት ተጽፎ ታትሟል። የጻፈው ሰው ነገሩን አይቶት አያውቅም። ማንም አይቶት አያውቅም።

ይህ እንዴት እንደሚቻል ለማስረዳት ከፍራይበርግ ለጥቂት ጊዜ ወጥቼ ወደ ተማርኩበት የትምህርት ቤት ክፍል ልመለስ። እኔ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ የተማርኩት በሽምደዳ ነው። ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም እያልን፣ ሀ ሁ ሂ በቆጠርንበት ዜማ፣ እስከ ሃያኛው እስከ ካልሲየም ድረስ። ፈተናውም ያው ነበር፤ ምልክቱን አይተህ ስሙን ጻፍ። አንድ ቀን የኬሚስትሪ መምህራችን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰንጠረዥ ሄዱና አንዱን ቤት በመዳፋቸው ሸፈኑት። «ከእጄ ሥር ያለው ምን ይመስላል?» አሉን። «ስሙን አልጠየቅኋችሁም። ጠባዩን ንገሩኝ።»

ዝም አልን። ጠባይ የሚባል ነገር ማን አስተምሮን!

መምህራችን አልተቆጡም። ስለ ፊደል ገበታ ጠየቁን። ከገበታው ላይ አንዱ ፊደል ቢፋቅ ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ? አዎ አልን። እንዴት አወቃችሁ? ከግራው «መ»፣ ከቀኙ «ሚ»፣ ከላዩ «ሑ»፣ ከታቹ «ሡ» ካለ፣ ባዶው ቤት ከ«ሙ» በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። ረድፉ ድምፁን ይሰጣል፣ ዓምዱ አናባቢውን። «እንግዲህ ይኸኛውም ገበታ ነው» አሉና እጃቸውን ሳያነሡ አራት ቁጥሮች ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ከተሸፈነው ቤት በላይ ያለው ድኝ፣ የአቶም ክብደቱ 32። ከታች ቴሉሪየም፣ 128። ከግራ አርሴኒክ፣ 75። ከቀኝ ብሮሚን፣ 80። ደምሩና ለአራት አካፍሉ አሉን። ድምሩ 315፤ ለአራት ሲካፈል 78.75። እጃቸውን አነሡ። ሴሊኒየም፣ የአቶም ክብደት 79።

ያን ቀን የተሰማኝ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የስም ዝርዝር መስሎኝ ነበር።

ዘዴው የዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ነው። ሜንዴሌቭ በ1834 በሳይቤሪያ፣ በቶቦልስክ ተወለደ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት አባቱ እሱ በተወለደበት ዓመት ዓይናቸው ጠፋ። እናቱ ማሪያ ዲሚትሪየቭና የቤተሰባቸውን የብርጭቆ ፋብሪካ እያስተዳደሩ ልጆቻቸውን አሳደጉ። አባት በ1847 ሞቱ፤ በዓመቱ ፋብሪካው በእሳት ወደመ። እናት ግን አልተቀመጡም። የመጨረሻ ልጃቸው መማር አለበት ብለው ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ሞስኮ ወሰዱት። ሞስኮ አልተቀበለውም። ይዘውት ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ቀጠሉ፤ እዚያ በ1850 መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ገባላቸው። በዚያው ዓመት ሞቱ። ከ37 ዓመት በኋላ ሜንዴሌቭ አንድ ትልቅ የምርምር መጽሐፉን ለእሳቸው መታሰቢያ አደረገው። የሰንጠረዡ ታሪክ ሲነገር የእኚህ ሴት ጉዞ ተዘሎ ሲታለፍ አልወድም።

ወጣቱ ኬሚስት በ1860 ጀርመን አገር ሳለ፣ ካርልስሩኸ ላይ ከመላው አውሮፓ ኬሚስቶች ተሰበሰቡ። የተሰበሰቡት መግባባት አቅቷቸው ነው። አንዱ የኦክስጅን የአቶም ክብደት 8 ነው ሲል ሌላው 16 ይላል፤ ውኃን እንኳ ሁሉም በአንድ ቀመር አይጽፈውም። እያንዳንዱ ነጋዴ የየራሱን ሚዛን ይዞ የሚመጣበት ገበያ ነበር። በስብሰባው መጨረሻ የጣሊያናዊው የስታኒስላዎ ካኒዛሮ፣ ክብደቶቹ እንዴት በአንድ ሥርዓት እንደሚሰሉ የሚያስረዳ ትንሽ ጽሑፍ ታደለ። ሜንዴሌቭ ይዞት አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ ንጥረ ነገሮችን በክብደት ማሰለፍ ትርጉም ያለው ሥራ ሆነ።

ያሰለፈውም እሱ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ ጆን ኒውላንድስ በክብደት ደርድሯቸው፣ በየስምንተኛው ጠባይ እየተመለሰ እንደሚመጣ አይቶ በ1866 ለኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። ከአድማጮቹ አንዱ፣ ለመሆኑ በፊደል ተራስ ደርድረህ ሞክረሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየውን አሳፍረው ሸኙት። ማኅበሩ ጽሑፉን አላተመለትም። የኒውላንድስ ችግሩ ሐሳቡ አልነበረም። ያን ጊዜ የሚታወቁትን ሁሉ ሳያስተርፍ ቤቶቹን ሞላቸው፤ አንዳንዱ ቤት ውስጥ ሁለት ሁለት አድርጎ አጨቀ። ገና ያልተገኘ ይኖራል ብሎ ቦታ አልተወም። በጀርመንም ሎታር ማየር ተቃርቦ ነበር፤ ኋላ በ1882 የለንደኑን የዴቪ ሜዳሊያ ከሜንዴሌቭ ጋር እኩል ተቀብሏል።

ፌብሩዋሪ 1869። ሜንዴሌቭ በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው፤ ለተማሪዎቹ «የኬሚስትሪ መሠረቶች» የሚባል መጽሐፍ እየጻፈ ነው። አንደኛውን ቅጽ ጨርሷል፤ ሁለተኛውን በየትኛው ንጥረ ነገር አስከትሎ እንደሚቀጥል ግራ ገብቶታል። በዚያ ሰሞን የአይብ ማምረቻዎችን ለመጎብኘት ወደ ገጠር ሊሄድ ተዘጋጅቷል። ስለ ጉዞው የደረሰው ደብዳቤ ተርፎ እስከ ዛሬ አለ፤ ጀርባው ላይ በሜንዴሌቭ እጅ የተጻፉ የአቶም ክብደቶች ተደርድረዋል። ክሎሪንና ፖታሲየምን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ልዩነታቸውን እየቀነሰ ሲያይ የነበረ ሰው ጽሕፈት ነው። ለአይብ ጉብኝቱ ሳይነሣ ቀረ። በሩሲያ አሮጌ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 17፣ በአዲሱ ማርች 1 ቀን፣ ሰንጠረዡን ጽፎ ለማተሚያ ቤት ላከ።

ሰንጠረዡን በሕልሙ አየው የሚለው ወሬ በየመጽሐፉ ይደጋገማል። እኔ ያን ደብዳቤ እመርጣለሁ። ስርዝ ድልዙ ሥራው የስንት ዓመት እንደነበረ ይናገራል።

በዚያን ጊዜ 63 ንጥረ ነገሮች ይታወቁ ነበር። ሜንዴሌቭ በክብደት እያስከተለ፣ ጠባያቸው የሚመሳሰሉትን አጠገብ ለአጠገብ እያደረገ ሲደረድራቸው ነገሩ አልገጥም የሚልባቸው ቦታዎች ነበሩ። እዚያ ላይ ያደረገው ነገር ድፍረት ይጠይቃል። አንዳንድ ቦታ የተመዘነውን ቁጥር ራሱን አልቀበልም አለ፤ ዩራኒየም 120 ይባል ነበር፣ እሱ ግን 240 መሆን አለበት ብሎ እጥፍ አደረገው። ቤሪሊየምን ከ14 ወደ 9 ገደማ አወረደው። ሁለቱም ኋላ ሲመዘኑ እሱ እንዳለው ሆኑ። ሌላ ቦታ ደግሞ ምንም ስም አልጻፈም። አሉሚኒየም ጎን የጥያቄ ምልክትና 68። ሲሊከን ጎን የጥያቄ ምልክትና 70። ሌላ ቦታ 45። «ከዚህ ቤት የሚገባው ገና አልተገኘም» ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1871፣ የባዶዎቹን ቤቶች ነዋሪዎች ጠባይ አንድ በአንድ ጻፈ። በሳንስክሪት «አንድ» ማለት ኤካ ነው፤ ከቦሮን፣ ከአሉሚኒየምና ከሲሊከን ቀጥሎ አንድ ቤት ወረድ ብለው ስለሚገኙ ኤካቦሮን፣ ኤካአሉሚኒየም፣ ኤካሲሊከን አላቸው። ገና ያልተወለደ ልጅ ክብደት፣ መልክና አመል ተጽፎ ታተመ። አብዛኛው አንባቢ ልብ አላለውም።

አራት ዓመት አለፈ።

በፈረንሳይ፣ የወይን አረቄ ስሟን ባስጠራላት በኮኛክ ከተማ፣ ፖል ኤሚል ሌኮክ ደ ቧቦድራን የሚባል የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ አለ። ኬሚስትሪን በአብዛኛው ራሱን ያስተማረ፣ በቤቱ ላቦራቶሪ ያደራጀ ሰው ነው። ሥራው ብርሃን ማየት ነው። የጨው ቅንጣት እሳት ላይ ሲወድቅ ነበልባሉ ቢጫ ሲሆን ያላየ የለም፤ ያ ቢጫ ጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም ፊርማ ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል ከማንም ጋር የማይጋራው የቀለም መስመሮች አሉት። ሌኮክ ከፒሬኔ ተራሮች የመጣ የዚንክ ማዕድን ሲመረምር፣ ኦገስት 27 ቀን 1875፣ ከቀኑ 9 እና 10 ሰዓት መካከል፣ ማንም የማያውቀው የወይን ጠጅ ቀለም መስመር አየ። ሰዓቱን ሳይቀር መዝግቦታል። ለአገሩ የድሮ ስም መታሰቢያ ጋሊየም ብሎ ሰየመው። ሜንዴሌቭ የጻፈውን አያውቅም ነበር።

ሜንዴሌቭ ዜናውን ሲያነብ አወቀው። ይህ የእኔ ኤካአሉሚኒየም ነው ሲል ለፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ ጻፈ። በብርሃን መስመር ይገኛል ያለው እንኳ ደርሷል። ነገር ግን አንድ ቁጥር አልገጠመም። ሌኮክ ካገኘው እጅግ ትንሽ ናሙና ለክቶ እፍግታው 4.7 ነው ብሏል፤ ማለትም ከእኩል ይዘት ውኃ 4.7 ጊዜ ይከብዳል። የሜንዴሌቭ ትንበያ ግን ከ5.9 እስከ 6 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሁለቱን ሰዎች ማሰብ እወዳለሁ። አንደኛው ብረቱን በእጁ ይዞታል፣ አይቶታል፣ መዝኖታል። ሁለተኛው በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት አንድ ወረቀት ፊት ተቀምጦ «ናሙናህ አልጠራም፤ አጥርተህ ደግመህ ለካ» ይለዋል። ባለቤቱ ቢቆጣ ማን ይፈርድበታል? ሌኮክ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ። ተጨማሪ ማዕድን አሟሟ፣ ጋሊየሙን አነጻ፣ እንደገና ለካ። 5.9።

ንጹሕ ጋሊየም ዛሬ በቀላሉ ይገኛል፤ ቁርጥራጩን መዳፍ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። መልኩ እንደ ብር ያብለጨልጫል፣ ጠንካራ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በመዳፍ መስመሮች መካከል እንደ ሜርኩሪ እየተንከባለለ ይፈሳል። የሚቀልጠው በ29.8 ዲግሪ ነው፤ የሰው ሰውነት 37 ነው። ሜንዴሌቭ በቀላሉ የሚቀልጥ ይሆናል ብሎ ጽፎ ነበር።

በ1879 በስዊድን ላርስ ፍሬድሪክ ኒልሰን ስካንዲየምን አገኘ፤ የአገሩ ሰው ፔር ቴዎዶር ክሌቭ ኤካቦሮን መሆኑን ለየ። ከሦስቱ ሁለቱ ቤት ገቡ። ቀረ ሦስተኛው።

አሁን ወደ ዊንክለር እንመለስ። ወራት አልፈዋል፤ 1886 ገብቷል፤ ሰባቱ በመቶ አሁንም የለም። ዊንክለር የጠፋው ነገር አርሴኒክንና አንቲሞኒን ሳይመስል አይቀርም ብሎ ስላሰበ በእነሱ መንገድ እየፈለገው ነበር። ድንጋዩን ከሶዳና ከድኝ ጋር ያቀልጠዋል፣ በውኃ ያሟሟዋል፣ ጥቂት አሲድ ጨምሮ የሚዘቅጠውን ያጠልላል። አጥልሎ የቀረው ንጹሕ ፈሳሽ ምንም የለበትም ተብሎ የሚደፋ ዓይነት ነበር። የጠፋው ነገር የነበረው ግን በሚደፋው ውስጥ ነው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን ዊንክለር በዚያ ፈሳሽ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በብዛት ጨመረበት። ከጠራው ፈሳሽ ውስጥ እንደ እርጎ ፍርፋሪ ያለ ነጭ ዝቃጭ ወረደ። አድርቆ በሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ ሲያግለው ድኙ ተለይቶ ሄደ፤ የቀረው ግራጫማ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት ነው። ሰባቱ በመቶ ተገኘ።

ስሙን መጀመሪያ ኔፕቱኒየም ሊለው አስቦ ነበር፤ ኔፕቱን የሚባለው ፈለክ በ1846 በቴሌስኮፕ ከመታየቱ በፊት ያለበት ቦታ በሒሳብ ተነግሮ ነበርና። ስሙ ግን በሌላ ሰው ተይዞ አገኘው። በአገሩ ስም ጀርማኒየም አለው።

አሁን ይህ የማን ቤት ነው? ዊንክለር ራሱ በአንቲሞኒና በቢስመት መካከል ያለው ባዶ ቤት መሰለው። ሜንዴሌቭ ደግሞ ዜናውን ሰምቶ ከካድሚየም በታች ያለው ቤት ነው የሚል ግምት ጻፈለት። ሰውየው ከ15 ዓመት በፊት ዝርዝር መልኩን የጻፈለትን ልጅ ደጁ ላይ ቆሞ ሲያየው አላወቀውም! ኤካሲሊከን መሆኑን የለዩት ሌሎች ናቸው፤ ከብሬስላው ቪክቶር ፎን ሪሽተር፣ ከዚያም ሎታር ማየር። ይህን ሳነብ ሜንዴሌቭን ይበልጥ ወደድኩት፤ ሰንጠረዡንም ይበልጥ አመንኩት። ባለቤቱ ሲሳሳት ሌላው ሰው ገበታውን አይቶ ሊያርመው ከቻለ፣ ዕውቀቱ ከአንድ ሰው ጭንቅላት ወጥቶ የሁሉም ሆኗል ማለት ነው።

ዊንክለር ግምቱን ትቶ መለካቱን ቀጠለ። የአቶም ክብደት፦ ትንበያው 72፣ ልኬቱ 72.3። እፍግታ፦ ትንበያው 5.5፣ ልኬቱ 5.47። ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የውህዱ እፍግታ፦ ትንበያው 4.7፣ ልኬቱ 4.703። ከክሎሪን ጋር የሚሠራው ፈሳሽ፦ ከ100 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይፈላል ተብሎ ነበር፣ በ86 ፈላ፤ እፍግታው 1.9 ይሆናል ተብሎ ነበር፣ 1.887 ሆነ። ከዚያ በኋላ በኬሚስቶች ዘንድ የሰንጠረዡ ክርክር አበቃ ማለት ይቻላል። ጀርማኒየም ራሱ 60 ዓመት ገደማ ይህ ነው የሚባል ሥራ ሳያገኝ ቆየና በዲሴምበር 1947 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያው ትራንዚስተር የተሠራው በእሱ ቁራጭ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ ሜንዴሌቭ አልተሳሳተም እንዳይል። ስለ ሌሎች ቤቶች ከተነበያቸው ያልደረሱ ብዙ ናቸው። አርጎን በ1894 ሲገኝ የሚገባበት ዓምድ በሰንጠረዡ ላይ ስላልነበረ፣ አዲስ ንጥረ ነገር መሆኑን ለመቀበል ዓመታት ፈጀበት። ከሁሉም የባሰው ግን ገና በ1869 ዓይኑ እያየ ያለፈው ነው፤ ቴሉሪየምና አዮዲን። በክብደት ከሄድን አዮዲን 127፣ ቴሉሪየም 128 ስለሆነ አዮዲን መቅደም አለበት። በጠባይ ከሄድን አዮዲን ከክሎሪንና ከብሮሚን ወገን ነው፤ ቴሉሪየም ከድኝ ወገን። ሜንዴሌቭ ለጠባይ አዳልቶ ቴሉሪየምን አስቀደመ፤ ክብደቱ በስሕተት የተመዘነ ነው አለ። በፕራግ ቦሁስላቭ ብራውነር ቴሉሪየምን እያነጻ እየመዘነ ዓመታት ደከመ። ቁጥሩ አልወርድም አለ። ቦታው ትክክል ነበር፣ የተሰጠው ምክንያት ግን ስሕተት። ሜንዴሌቭ በ1907 ሲሞት መልሱ አልተገኘም ነበር።

መልሱን ያገኘው የ26 ዓመት ወጣት ነው። ሄንሪ ሞዝሊ በ1913 በማንቸስተር፣ ቀጥሎም በኦክስፎርድ፣ አየሩ በተመጠጠለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ትንሽ ጋሪ አስገባ። በጋሪዋ ላይ የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ናሙናዎች ተደርድረዋል፤ በሐር ክር እየሳበ አንዱን ከሌላው ቀጥሎ ጨረር ፊት ያቀርባቸዋል። እያንዳንዱ ሲመታ የራሱን ኤክስሬይ ይተፋል፤ ሞዝሊ በፎቶግራፍ ፕሌት ላይ ይይዘዋል። ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደሚቀጥለው ሲኬድ የኤክስሬዩ ድግግሞሽ ካሬ ሥር በእኩል እርምጃ ይጨምራል፤ አንድ ደረጃ፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ደረጃ፣ እንደ ግንብ መሰላል። ክብደት እንዲህ አይደለም፤ አንዳንዴ ይዘላል፣ አንዳንዴም ወደኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ንጥረ ነገሮችን የሚያሰልፋቸው ክብደት አልነበረም። በአቶሙ እምብርት ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ቁጥር ነው። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። የሜንዴሌቭ ቦታ ጸና፤ ብራውነርም በከንቱ ሚዛኑን ሲጠራጠር ኖሯል።

ከዚህ በኋላ መገመት አያስፈልግም፤ መቁጠር ብቻ ነው። ደረጃ የጎደለበት ቦታ ንጥረ ነገር ጎድሏል። ሞዝሊ ቆጠረና 43፣ 61 እና 75 የሉም አለ።

በ1914 ፈረንሳዊው ጆርጅ ኡርባን ሊፈትነው ኦክስፎርድ መጣ። ኡርባን ሬር ኧርዝ የሚባሉትን፣ እርስ በርስ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ብረቶች፣ ለ20 ዓመት ያህል ሲለያይ የኖረ ሰው ነው፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ማሟሟትና ማርጋት ያስፈልግ ነበር። ከእነዚህ የተቀላቀለ ናሙና ይዞ መጥቶ ለወጣቱ ሰጠው። ሞዝሊ ናሙናውን በጋሪው ላይ አስቀመጠ፣ ክሩን ሳበ፣ ፕሌቱን አጠበ፣ በውስጡ ምን ምን እንዳለ ዘረዘረለት። ኡርባን ሴልቲየም ብሎ አዲስ ንጥረ ነገር አግኝቻለሁ የሚልበትን ደግሞ እዚህ የለም አለው። የአንድ ሰው ዕድሜ ሥራ በጥቂት ቀናት አለቀ። ኡርባን በአድናቆት ተመለሰ።

በዓመቱ፣ ኦገስት 10 ቀን 1915፣ ሞዝሊ በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ትእዛዝ በስልክ ሲያስተላልፍ ጥይት ጭንቅላቱን መታው። 27 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ነገር መጻፍ ይከብደኛል፤ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላ የምርምር ሥራ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው።

ባዶዎቹ ቤቶች ግን በቁጥራቸው ይፈለጉ ጀመር። 75 በ1925 በጀርመን ተገኘ፣ ሬኒየም ተባለ። 43 ግን እምቢ አለ። ቤቱ ከማንጋኒዝ በታች ነው፤ ሜንዴሌቭ በ1871 ኤካማንጋኒዝ ብሎት ክብደቱን 100 ገምቶ ነበር። ብዙ ሰው አገኘሁ አለ፣ የማንም አልጸናም። ምክንያቱ ኋላ ገባን። የዚህ ንጥረ ነገር አቶሞች ሁሉ ራዲዮአክቲቭ ናቸው፤ ዕድሜው ረጅም የሆነው ዓይነት እንኳ በየ4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በግማሽ ያልቃል። ምድር ደግሞ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ አላት። ምድር ስትሠራ አብሮ የነበረው ሁሉ ድምጥማጡ ጠፍቷል። በማዕድን ጉድጓድ የፈለጉት ሰዎች ከሞላ ጎደል የሌለ ነገር ነው ሲፈልጉ የኖሩት።

በ1937 መጀመሪያ በሲሲሊ፣ በፓሌርሞ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ለነበረው ለኤሚሊዮ ሴግሬ ከካሊፎርኒያ ፖስታ መጣለት። የላከለት በበርክሌይ ሳይክሎትሮን የሚባለውን የቅንጣት ማፍጠኛ የሠራው ኧርነስት ሎውረንስ ነው፤ በውስጡ ለወራት በጨረር ሲደበደብ የቆየ የሞሊብዲነም ስስ ቁራጭ አለ። ሞሊብዲነም 42 ነው። አንድ ሲጨመርበት 43። ሴግሬና የማዕድናት ፕሮፌሰሩ ካርሎ ፔሪየር ቁራጩን አሟሙ። ውስጡ ያለው አዲስ ነገር በማንኛውም ሚዛን ሊመዘን፣ በዓይን ሊታይ የማይችል እጅግ ጥቂት ነው፤ መኖሩን የሚያውቁት ከሚወጣው ጨረር ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤቶቹን ጠየቁ። ከላይ ያለው ማንጋኒዝ፣ ከታች ያለው ሬኒየም። ጨረሩ በየትኛው ዝቃጭ አብሮ እንደሚወርድ፣ ከየትኛው ጋር በእንፋሎት እንደሚወጣ እያዩ አንድ በአንድ ፈተኑት። ከኒዮቢየም አይደለም፣ ከዚርኮኒየም አይደለም፣ ከሞሊብዲነም ከራሱም ይለያል። አመሉ ከማንጋኒዝ ይልቅ ወደ ሬኒየም ያደላል።

ከዚህ ቤት በቀር ሌላ አልነበረውም። በ1947 «ሰው ሠራሽ» ከሚለው የግሪክ ቃል ቴክኒሺየም ተብሎ ስም ወጣለት፤ ቤቱ ስሙን ሲጠብቅ 76 ዓመት ክፍት ቆይቷል።